ዳገቱ ላይ ማን ይወርዳል?

«ዳገት ላይ መኪና ጥላ የምትወርድ ሴት ናት እኮ፣ ጋሼ!» አለ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። መስታወት ቤቱንና ማድ ቤቱን የሚለየው ግን ስስ ጣውላ ነው፤ እዚህ ያስነጠሰው እዚያ «ይማርህ» ይባላል እንጂ በዚያ ቤት የተደበቀ ነገር ኖሮ አያውቅም። ሴትዮዋ ሻይ እያፈላች ነበር። ስኳር የዘገነችበትን ማንኪያ እዚያው አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ያለ ሹፌር ወደ ኋላ የምትሄድ መኪና አይተህ ታውቃለህ? እዚህ ሰፈር ያላየ የለም» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰብሰብ አድርጎ አዛኝ ድምፁን አወጣ። «እኔ ለእናንተው ብዬ ነው። መኪናዋ እኔ ዘንድ ትሁን። ዕቃ ሲኖራችሁ ትደውላላችሁ፣ መጥቼ አደርሳለሁ። በቀረው ጊዜ እኔም ጫን ጫን እያደረግሁ የልጆቼን ጉሮሮ እደፍንባታለሁ፤ ለእናንተም የሆነች ነገር አስባለሁ። አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት መስታወት ሳትሰነጥቅ የወጣኸውን ዳገት ለእሷ ሰጥተህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?»

ሴትዮዋ የባሏን መልስ ጠበቀች። ደንበኛ በአንዲት ሚሊ ሜትር ቢከራከረው ሜትሩን ዘርግቶ ግማሽ ቀን የሚሟገት ሰው ነው፤ ለሚስቱ አንድ ቃል አያጣም ብላ ነው። መስታወት መቁረጫው አልማዝ ጭርርር ሲል ሰማች። ቀጥሎ መስታወቱ በልኩ ቀጭ ብሎ ሲለያይ ሰማች። ከባሏ አፍ የወጣ ነገር ግን አልነበረም። «እንግዲያው ከምሳ በኋላ መጥቼ ቁልፉን እወስዳለሁ» አለ ዋርሳዋ። ባልየው እሺ አላለም። እምቢም አላለም። አልማዙ እንደገና ጭርርር አለ። እሷን ከዋርሳዋ ንግግር ይልቅ ያመማት ያ ዝምታ ነው። ሰው በሌለችበት ቢያማት ለምዳዋለች፤ ባሏ ስሟ ሲነሳ አቀርቅሮ መስታወት ሲቆርጥ ግን የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ሻዩን ቀድታ ወጣች። ለዋርሳዋ እሱ እንደሚወደው ስኳሩን አብዝታ ሰጠችው። «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ። ክፉ ሰው አይደለም። የራሱ መኪና ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ የሰው መኪና እየነዳ፣ ሲያገኝ በልቶ ሲያጣ ጦሙን የሚያድር ባለ ብዙ ልጅ ነው። ይህን ስለምታውቅ እንደ ልቧ ልትጠላው አልሆነላትም። ይሁን እንጂ መኪናዋ አንዴ ከደጃፋቸው ከወጣች ተመልሳ እንደማትመጣም ታውቃለች። መስታወት በትከሻ ተሸክመው አያደርሱትም። መኪና የሌለው መስታወት ቤት ደንበኛው ራሱ መጥቶ በብብቱ ሸጉጦት የሚሄደውን የፎቶ ክፈፍ ሲቆርጥ ነው የሚውለው፤ በፎቶ ክፈፍ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም፣ ልጅ አይማርም።

መኪናዋ አሮጌ ፒካፕ ናት፤ ጎኗ ላይ መስታወት የሚቆምበት የእንጨት መደገፊያ ተሠርቶላታል። ከሰው እጅ ስትገዛ ጀምሮ የእጅ ፍሬኗ አይዝም ነበር። ስለዚህ ከመስታወት ቤቱ በላይ ያለውን ዳገት ሲወጡ ከፊት ያለው መኪና ከቆመ፣ ባልየው ፍሬኑን በእግሩ ተጭኖ «ውረጂ!» ይላል። እሷ የጋቢናውን በር ከፍታ ትዘላለች፤ እግሯ ሥር የምትቀመጠውን የእንጨት ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር ትወሽቃለች፤ በመዳፏ የመኪናዋን ጎን ጠብ ጠብ ታደርጋለች። መኪናዋ አጓርታ ትነሳለች። እሷ ታኮዋን አንስታ እስከ ሜዳው ድረስ ከኋላ ትሮጣለች። በዝናብ ሮጣለች። እርጉዝ ሆና ሮጣለች። ለሠርግ ለብሳ፣ ባለ ተረከዙን ጫማዋን በአንድ እጅ፣ ታኮዋን በሌላው አንጠልጥላ ሮጣለች። የዳገቱ ሰው የእናት አባቷን ስም ትቶ «ታኮዋ» የሚላት ከዚያ የተነሳ ነው። እሷም ስሙን አልጠላችውም ነበር።

ባለፈው ክረምት ባሏ ከመሰላል ወድቆ የግራ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። በግራ እግር ደግሞ ፍሪሲዮን ነው የሚረገጠው። ማን ይንዳ? እሷ ተነሳች። በልጆቿ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋር ተሰልፋ መንዳት ተማረች፤ ወደቀች፣ ደግማ ወደቀች፣ በመጨረሻው አለፈች፤ መንጃ ፈቃዷን ፕላስቲክ አልብሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማሠልጠኛው መኪና የአፈሩን ቁልል ስትወጣ ምንም አልሆነች። ጣጣው የገዛ መኪናዋ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን፣ ባዶ መኪና ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ከፊቷ ያለው ቆመ። እሷም ቆመች። ያው ዳገት፣ ያው ጋቢና፣ ያው የቤንዚን ሽታ። አላሰበችም። እጇ ታኮውን አነሳ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወረደች። ጭንቅላቷ ሹፌር ሆኗል፤ እግሮቿ ግን ገና ረዳት ነበሩ። መኪናዋ ማንም ሳይኖርባት ወደ ኋላ ተንሸራታ ሄደችና ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ላይ ጋደም አለች። ሰው አልተነካም፤ የኋላ መብራቷ ብቻ ረገፈ። ሳቁ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ይኸው በስስ ጣውላ አልፎ ማድ ቤቷ ድረስ መጣ።

ዋርሳዋ ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ እሷ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«የጤና ጣቢያውን መስታወት አሁን አደርሳለሁ» አለች።

«ከምሳ በኋላ እሱ መጥቶ...»

«እሱን አላልኩህም። ከመካኒኩ ስመለስ አብረኸኝ ትጭናለህ ወይስ ሰው ልፈልግ?»

ባሏ አልማዙን ላምባ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከረው። «እጭናለሁ» አለ። ሌላ ነገር ቢጨምር ኖሮ እሷም የምትጨምረው አታጣም ነበር፤ እሱ ግን ወደ መስታወቱ ዞረ።

መካኒኩ ከዳገቱ በታች ባለው ጋራዡ አንድ አሮጌ ታክሲ ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። «እትዬ ታኮ!» አለ ከታች። «በጫማሽ ለየሁሽ። ዛሬስ መኪናዋ አብራሽ መጣች ወይስ ተከትላሽ?»

«ምላስህን እዚያው ተወውና እጅህን ይዘህ ውጣ። የእጅ ፍሬኑን እንዲይዝ አድርግልኝ። ዋጋው እንዲህ ነው እያልክ ደግሞ አታድርቀኝ፤ ያለኝን ነው የምሰጥህ።»

እየሳቀ ተንፏቅቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጋቢና ገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበው፣ ማርሹን ነጻ አደረገና «ግፊ» አላት። ገፋች። ወርዶ አብሯት ገፋ። ከጎረቤት ጎሚስታውን ጠርተው እሱንም ጨመሩት። መኪናዋ እንደ ቤት ቆማለች።

«ምኑን ላስተካክልልሽ? ደህና እኮ ነው» አለ መካኒኩ። «የፍሬኑን ካቦ ራሴ ነኝ የቀየርኩት። አዲስ ነበር።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ! ትንሿ ልጅሽ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን መሰለኝ። ጋሼ አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኝ ነበር፤ ረስቼው ነው» አለች። ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። መካኒኩ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ «ስለ መግፋቱ እኔ ልክፈልሽ እንጂ» ብሎ ተመልሶ ታክሲው ሥር ገባ።

ትንሿ ልጅ አሁን እናቷን በቁመት በልጣለች። ሴትዮዋ እየነዳች ስትመለስ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ ልቧ ያ ሁሉ ክረምት ላይ ነበር። ደህና የሚይዝ ፍሬን እዚያው እጁ ሥር እያለ «ውረጂ!» ይላት ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሲውጣት በስፖኪዮ ያያት ነበር። ጉንፋን ይዟት፣ ወገቧን አሟት፣ ከትንሽ ልጇ ሞግዚት ጋር ተጣልታ የወጣች ዕለት ሁሉ ወርዳለች። ለምን? ጌትነት አምሮት? ወይስ መውረዷን እንደ መስታወቱና እንደ ገመዱ ከዕቃው ቆጥሮት? ከዚያ ደግሞ የጠዋቱ ዝምታው ትዝ አላት። ሁለቱን ደመረቻቸው። «ዛሬማ ለምን እንደሆነ ይናገራታል!» አለች ለብቻዋ፣ መሪውን በቡጢ መትታ።

ቤት ስትደርስ ግን መስታወቱ ቆሟል። ለጤና ጣቢያው መግቢያ በር የታዘዘ ወፍራም ትልቅ መስታወት ነው፤ ከአከፋፋዩ ተለምኖ የመጣ፣ ቢሰበር የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ አብሮ የሚሰበር። በእነሱ ቤት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አንድ ደንብ አለ፤ ትልቅ መስታወት በሁለት በኩል ይዘው አይጣሉም። ሲጣሉ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ፈጠን ሌላው ዘግየት ይላል፣ መስታወቱ መሃል ላይ ይሄዳል። ስንት ጠብ ተነስቶ «ቆይ፣ ይሄ ይቀመጥ» ተብሎ ሲቀመጥ ተረስቷል። አሁንም ጠቧን ዋጥ አድርጋ በአንድ በኩል ያዘች። «አንሺ» አለ። አነሳች። «ቀስ በይ፣ ደፉ አለ።» ቀስ አለች። በመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ተያዩ፤ የእሱ ፊት ገርጥቷል። በካርቶን ከታች ደገፉት፣ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ከጎን አለበሱት፣ ትንንሾቹን የመስኮት መስታወቶች ከኋላው ደረደሩ፣ በገመድ ጠፈሩት። ገመዱ ሲጠብቅ እሱ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ።

እሷ ጋቢና ገብታ ታኮውን ከወለሉ አነሳችና ሱቁ ውስጥ ወረወረችው። ሰባራ ክፈፎች መሃል ሄዶ ወደቀ። እዚያ እግሯ ሥር እስካለ ድረስ እጇ እሱን እንጂ ሌላ እንደማያይ ገብቷታል። ባሏ ያን አይቶ እያነከሰ ዞሮ ከጎኗ ሊገባ በሩን ያዘ።

«ምን ልትሆን?»

«መስታወት አይደለም እንዴ? የሚደግፍ ይፈልጋል።»

«ግባ እንግዲህ፤ የከለከለህ የለም።»

ዳገቱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። በግራና በቀኙ ልብስ ሰፊዎች፣ ስልክ ጠጋኞች፣ አንድ ጫማ ሰፊ፣ የፍራሽ መደብር፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሚውሉበት ቦታ ነው፤ የወጣውን የወረደውን ከማየት ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያጓራች ወጣች። እስከ ጫማ ሰፊው ድረስ ደህና ነበር። እዚያው፣ ቀጥ ካለው ላይ ሲደርሱ፣ ብሎኬት የጫነ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ሠራተኞቹ ብሎኬቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወርዳሉ። መዞሪያ የለም። ፍሬኑን ረገጠች። ከኋላዋ አንድ አብረቅራቂ ትንሽ መኪና መጥቶ ጭራዋ ላይ ተለጠፈ።

ቀጥሎ የሆነውን እሷ ራሷ ያወቀችው ከሆነ በኋላ ነው። በሩ ተከፍቷል። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ለቆ አስፋልቱን ረግጧል። ሞተሩ ድው ብሎ ጠፋ፤ መስታወቱ ገመዱ ውስጥ እህህ አለ። ባሏ ቀሚሷን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«የት ነሽ? የት ነው የምትሄጂው? ሹፌሯ እኮ አንቺ ነሽ!»

ቀኝ እግሯ፣ እግዜር ይስጠው፣ ፍሬኑ ላይ ነበር። ግራውን መልሳ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ክንዷ ሳበችው፤ ማርሹን ነጻ አደረገች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቀኝ እግሯን ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ገለጠች። ጫማ ሰፊው አሁንም እዚያው በመስኮቷ ትይዩ ነው፤ ጫማ በእጁ ይዞ አፉን ከፍቷል።

«ታኮዋ!» አለ ከዚያ፣ ሰፈሩ እንዲሰማው አድርጎ። «ዛሬ ጋሼን ነው የምታወርጂው?» ሳቁ ከሱቅ ሱቅ ወጣ። ጫማ ሰፊው ግን ደግ ሰው ነው፤ ጫማውን አስቀምጦ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ መንገዱን ተሻገረ።

«ድንጋይህን ወዳነሳህበት መልስ! ጎማዬን እንዳትነካ!»

«ኧረ እትዬ፣ ለነፍስሽ ብዬ...»

«መልስ አልኩህ!»

«ትንሽ ቢደግፍልን ምን ነበረበት?» አለ ባሏ በቀስታ።

«ፍሬኑ ይዟል እኮ። አታይም?»

ከኋላ ያለው ሰውዬ ክላክሱን አምባረቀው። ባሏ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እረፍ እንግዲህ! መስታወት ነው የያዝነው፣ በጩኸትህ ትሰነጥቀዋለህ! ደግሞም ራቅ በል!» ብሎ ጮኸበት። ቁጣው በወንድሙ ፊት ሳይወጣ ቀርቶ እዚያ የወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ብሎኬቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የጭነት መኪናው ሆድ ገና ግማሽ አልጎደለም።

«ካቦው የተቀየረው ትንሿ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው አሉ» አለች ፊት ለፊቷን እያየች። «ዛሬ ሰማሁ።»

ባሏ ዓይኑን ወደ ብሎኬቱ አዞረ።

«በዝናብ ስወርድ ታየኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

ባሏ የመስኮቱን መስታወት በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ ነው፤ ግን ሲጨንቀው ያገኘውን መስታወት መጥረግ የድሮ ልማዱ ነው። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ ውጭ እያየ፣ «ዳገት ላይ እንዴት እንደሚነሳ አላውቅም» አለ።

«ምኑ ነው የሚነሳው?»

«መኪናው። ቆሞ ሲነሳ። የተማርኩት በሜዳ ነው፤ በጓደኛ መኪና፣ በሁለት ቅዳሜ። መካኒኩ ፍሬኑን ሠርቶ ሲሰጠኝ በማግስቱ ብቻዬን ልሞክር ብዬ መጣሁ። ወደ ኋላ ሄደችብኝ። እዚህችው ጋ። አንድ ሰውዬ ከነልጁ ከኋላዬ ዘለለ። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።» መስታወቱን እንደገና ጠረገ። «አንቺ ከወረድሽ ግን ትነሳለች።»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። እዚያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚያልበው ሰውዬ ያ በደንበኛ ፊት የማይረታው ባሏ አልመስላት አለ። «እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜስ? እናቴ ጋ የሄድኩ ጊዜስ?»

«በገበያው በኩል እዞር ነበር።»

«በገበያው? ያን ሁሉ? ከተማውን በሙሉ?»

«ሥራ በዛብኝ እልሽ አልነበር እንዴ።»

«አንተ ሰው! በቤንዚኑ ሌላ መኪና ይገዛ ነበር እኮ!»

ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ነው አንድ ላይ ፈንድቶ የወጣው። መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ባሏ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ጢሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እሱም ከትከት አለ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ «አታስቂኝ፣ ያመኛል» እያለ። ሳቋ ሲበርድላት ሌላው ነገር ተገለጠላት። ጠዋት ወንድሙ «አንዲት መስታወት ሳትሰነጥቅ የወጣኸው ዳገት» ሲለው ምን ብሎ ይመልስ? አፉን ቢከፍት እውነቱ ሊወጣ ነው። አንገቱን ያስደፋው የእሷ ውርደት ሳይሆን የራሱ ኖሯል። ከደረቷ ላይ አንድ ትልቅ ነገር የተነሳላት መሰላት። ያን ሁሉ ክረምት ንቋት አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ንቀት ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? ፍርሃት ግን መላ አለው።

«በል ያዝ» አለች። «መስታወቱን በመስኮት እጅህን አውጥተህ ደግፍ።»

የጭነት መኪናው ጭሱን ተፍቶ ነቅነቅ አለ፤ መንገዱ ተከፈተ። ክላክሱ ከኋላ ጀመረ። ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ነዳጅ ሰጠች። እግሯ ቸኮለና ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችው፤ ሞተሩ ድው ብሎ ጠፋ። ከሱቆቹ «ውይ!» ተባለ። ባሏ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የእጅ ፍሬኑ ይዟል። ብትሳሳትም የምትሳሳተው ቆማ ነው፤ ይህን ስታውቅ እጇ ለሰስ አለላት። ማሠልጠኛው ውስጥ መንዳት ያስተማረቻት ወጣት፣ «እናቴ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል በጆሮሽ አትጠብቂው፤ በመቀመጫሽ ነው የምትሰሚው» ስትላት አፍራ ስቃ ነበር። አሁን በመቀመጫዋ አዳመጠች። እንደገና አስነሳች። ነዳጅ፣ ትንሽ። ፍሪሲዮኑን ትንሽ በትንሽ። ድምፁ ወፈር አለ። ከዚያ ያ ነገር መጣ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ሲል፣ ከሥሯ አንድ ትልቅ ነገር ሊነሳ ሲንጠራራ። እዚያው ላይ አቆየችው። የእጅ ፍሬኑን ተጭና ለቀቀችው።

መኪናዋ ወደ ፊት ሄደች። ወደ ኋላ አንዲት ጣት አላለችም። መስታወቱ በገመዱ ውስጥ አንዴ ዘመረና ዝም አለ። ጫማ ሰፊው ድንጋዩን እንዳቀፈ ቀርቶ፣ «ሄደች! ታኮዋ ሄደች!» ይላል፤ አንድ ልብስ ሰፊ በመቀሱ ቆርቆሮ ይመታል። እሷ አላየቻቸውም። ሁለተኛ ማርሽ እስክታስገባ ድረስ ሜዳው ላይ መድረሷንም አላወቀችም። እዚያ ስትደርስ ጥጓን ያዘችና ቆመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ባሏ እጁን ከመስኮቱ መለሰ፤ መዳፉ ላይ የመስታወቱ ጠርዝ ቀይ መስመር አስምሮበታል። «ደህና ነው፤ አልተሰነጠቀም» አለ። ከዚያ፣ «እንዴት ነው ያደረግሽው?» አለ፣ እንደ ተማሪ።

«ስትድን አስተምርሃለሁ» አለችው።

ጤና ጣቢያው መስኮቶቹ በላስቲክ ተሸፍነው ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይነፉ ነበር። ዘበኛውና ሁለት ሠራተኞች መጥተው አወረዱ፤ ባልና ሚስቱ ትልቁን መስታወት ለሰው አላስነኩም፤ ወዲያና ወዲህ ይዘው ራሳቸው በሩ ላይ አቆሙት፤ እሱ ስቱኮውን እየዳመጠ፣ እሷ በአውራ ጣቷ እየደመደመች ጨረሱት። ነርሷ መጥታ የገዛ ፊቷን በአዲሱ መስታወት አየችና ጸጉሯን አስተካከለች። የላይኛው ፎቅ መስኮቶችም ዋጋው እንደ ታችኛው ከሆነ በዚህ ሳምንት ይምጡልን አለች። ስታወራ የምታየው ባልየውን ነበር፤ እሱ ግን በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመና፣ «ማምጣቱን እሷን ጠይቂ» አለ።

ሲመለሱ ዋርሳዋ ሱቁ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በክብሪት እንጨት ጥርሱን ይጎረጉራል። መኪናዋን ሲያይ ተነሳ። በግራ በኩል የወረደችው እሷ፣ በቀኝ የወረደው ወንድሙ መሆኑን አየና እንጨቱን ከአፉ አወጣ።

«ማን ነው ዳገቱን ያወጣት?»

«እሷ ናት» አለ ባልየው።

«ከነመስታወቱ?»

«ከነመስታወቱ፣ ከነእኔ።»

«ቢሆንም ጋሼ፣ ዛሬ ቀናት ማለት ነገ ይቀናታል ማለት አይደለም። አንተ እንኳ ያን ሁሉ ዓመት...»

«እኔ ያን ዳገት ብቻዬን ወጥቼው አላውቅም» አለ ባልየው። ድምፁን አላነሳም፤ ግን ስስ ጣውላ ቢኖርም ባይኖርም የሚሰማ ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያወጣችኝ እሷ ናት። እኔ መሪ ይዤ ስጮህ እሷ በእግሯ ነው የወጣችው። ይህን ጠዋት መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አሁን ተናገርኩ።»

ዋርሳው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ የወንድሙን ፊት አይቶ ሳቁን አቋረጠ። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ መኪናዋ ተመለከተ። «እና ቁልፉ?» አለ፣ ለመጠየቅ ያህል።

«ያለው እሷ ጋ ነው። ከፈለግህ ራሷን ጠይቃት።»

ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምራ ለዚህ ሰውዬ ያጠራቀመችው ንግግር ብዙ ነበር፤ እየደጋገመች አሳምራውም ነበር። አሁን ስትፈልገው ቀዝቅዞ አገኘችው። ቆሞ የሚጠብቀው ሰውዬም ሸሚዙ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን ሊመለስ የሚያፍር ሰው ነው። «ምሳ በልተሃል፣ ዋርሳዬ?» አለችው።

«በልቻለሁ።»

«እንግዲያው ስማኝ። መኪናዋ ከዚህ ደጅ አትሄድም። የጤና ጣቢያው የላይኛው ፎቅ ግን ሰው ይፈልጋል፤ መስታወት ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ። ጋሼህ ጉልበት የለውም። ቀን ሠራተኛ ከምንጠራ አንተ መጥተህ ሒሳቡን ብትወስድ እንወዳለን። ሳበላህ ደግሞ አታጠግበኝም ብለህ አትፍራ።»

ዋርሳው መሬት መሬቱን አየ። «እመጣለሁ» አለ። «ታዲያ መንዳቱን...»

«መንዳቱን ተወው። አሁን ወደ ላይ ከሆንክ ላድርስህ።»

«ኧረ በእግሬ ይሻለኛል፣ እትዬ! እኔ ገና ልጆች አሉኝ» አለና ሸሸ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሲስቅ ይሰማ ነበር፤ እሷም ሳቀች፤ ይሄኛው ሳቅ አላመማትም።

በርጩማውን ይዛ ገብታ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና እግሮቿን ዘረጋች፤ ተራ የደከመ እግር ሆነዋል። ባሏ አልማዙን ከላምባው አውጥቶ ጠረገ፣ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ አዲስ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ሊቆርጥ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና አለ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አላት።

«ጭነህ ስትጨርስ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።